«የ8 ሰው» ድንኳን፦ ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት

ደሴ ከአንድ ሱቅ «የ8 ሰው» የተባለ ድንኳን በ8,500 ብር ገዝቼ ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት አደርንበት። ባጭሩ፣ አራት ከሆናችሁ ግዙት። ስምንት ከሆናችሁ ይቅርባችሁ።

እኛ ስድስት ነበርን። አንዱ ሲገላበጥ ስድስታችንም እንገላበጣለን።

ክፋቱ ደግሞ ሰሞኑን ስለ ሮማ ጦር ሳነብ ነበር የከረምኩት። እነሱ የምር ስምንት ሆነው ነው በአንድ ድንኳን የሚያድሩት። ድንኳኑ ከቆዳ የተሰፋ ነው፣ ተጠቅልሎ በበቅሎ ይጫናል፣ ስሙንም «ቢራቢሮ» ይሉታል። ስምንቱ የእጅ ወፍጮም በጋራ አላቸው፤ እህላቸውን ራሳቸው ፈጭተው ራሳቸው ይጋግራሉ።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። ጣሪያው፣ እውነቱን ልናገር፣ ጠብ አላለም። ውሃው የገባው ከሥር ነው፣ እሱም የኛ ስንፍና፤ ዙሪያውን ቦይ አልቆፈርንም። የሮማ ወታደር በጠላት አገር ቀኑን ሙሉ በእግሩ ተጉዞ ሲያበቃ ዶማውን ነው የሚያነሳው፦ ዙሪያውን ይቆፍራል፣ አፈሩን ወደ ውስጥ ይቆልላል፣ ከላዩ ተሸክሞት የመጣውን ሹል እንጨት ይተክላል። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ እንደጻፈው ከአፈሩ ክምር እስከ ድንኳኖቹ 200 ጫማ ባዶ ይተዋል፣ ከውጭ የተወረወረ ነገር የተኛ ሰው ጋ እንዳይደርስ። በማግስቱ ነቅሎ ይሄድና ማታ ሌላ ቦታ ያንኑ ከዜሮ ይጀምራል። እኛ ለአንዲት ቦይ ሰንፈን ፍራሽ ስንጨምቅ ነጋ።

ሌላው ችግር ቀለሙ ነው። አጠገባችን የሰፈሩትም ያንኑ ሰማያዊ ድንኳን ገዝተው ኖሮ፣ ለሽንት የወጣው ጓደኛችን ሲመለስ ዚፑን ከፍቶ ሰተት ብሎ የሰው ድንኳን ገባ። (ይቅርታ ጠይቀናል፣ ቡናም ጠጥተናል።) ሮማዎቹ ጋ ይሄ አይሆንም፤ የአዛዡ ድንኳን፣ መንገዱ፣ አራቱ በር ሁሌም በዚያው በተለመደው ቦታ ስለሆነ ሰውየው በጨለማም የራሱን አያጣም። የኛም አባቶች ቢሆኑ ዝም ብለው አይደለም የሚተክሉት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ ነው። ምኒልክ በ1888 «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ብለው የሸዋን ጦር የቀጠሩት እዚሁ እኛ ወሎ አይደል? ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ድሮ የጦር ሰፈር ማለት ነበር።

ካስማው ግን ቀልድ ነው። ሽቦ በሉት። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ታጠፈ። ባለሱቁ ጋ ተመልሼ ካስማውንም ስምንቱንም አነሳሁበት።

«ወንድሜ፣ ስምንት የሚለው እኮ ልጅ ልጁ ተቆጥሮ ነው» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ብየዳ ቤት ሄጄ በባለ 10 ፌሮ 12 ካስማ አስቆረጥኩ። ዶማም ገዝቻለሁ።