የቪክቶሪያ ዘመን የወሲብ ጽሑፎች፦ ርካሹ ስብስብ ወይስ ማብራሪያ ያለው እትም?

ሁለቱም የሚሸጡት «ቪክቶሪያዊ» ተብለው ነው። የሚለያዩት በአርታኢው ድካም ነው። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋጋ፦ ርካሹ ኪስ አይጎዳም፤ የቅጂ መብታቸው ያለፈ ጽሑፎች ስለሆኑ ማንም ያትማቸዋል። ማብራሪያ ያለው ይወደዳል።

ንባብ፦ ርካሹ ይቀላል። ሌላው በግርጌ ማስታወሻ ያቆራርጣል፤ አንዳንዴም ያሰለቻል።

አስተማማኝነት፦ ዋናው ነገር ይሄ ነው። በ1857 በወጣው የእንግሊዝ ሕግ ፍርድ ቤት መጻሕፍቱ ተወርሰው እንዲወገዱ ማዘዝ ይችል ነበር። ስለዚህ የዘመኑ አሳታሚዎች የደራሲውን ስም ይደብቁ፣ የታተመበትን ከተማና ዓመት ይዋሹ ነበር። ግዴለሽ አርታኢ ውሸቱን እንዳለ ይገለብጣል። በ1828 የወጣውን «ዘ ለስትፉል ተርክ» የተባለ ልቦለድ ሳይቀር ቪክቶሪያዊ ብሎ ይከታል፤ ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሠችው ግን በ1837 ነው! ጠንቃቃ አርታኢ ግን፣ እንግሊዛዊው የወሲብ መጻሕፍት ሰብሳቢ ሄንሪ ስፔንሰር አሽቢ ከ1877 እስከ 1885 በብዕር ስም ያሳተማቸውን ሦስት የመጻሕፍት መዘርዝሮች ያመሳክራል፤ የትኛውን ቅጂ እንደተከተለና ምን እንደቆረጠም ይናገራል። ቆርጦ ዝም ማለት ለእኔ ከፊደል ግድፈት የባሰ ጥፋት ነው።

የዘመኑን አጻጻፍ ለመቃኘት ያህል ከሆነ ርካሹ ይበቃል። ለጥናት ወይም ጠቅሶ ለመጻፍ ማብራሪያ ያለውን ይያዙ። ገንዘብ ካጠረ ቤተ መጻሕፍት ይሻላል። ርካሹንም ቢሆን ሲገዙ መቅድሙን አስቀድመው ይዩ፤ ምንጩን አንድም ቦታ ካልገለጸ ይለፉት።