ለሳሳ ፀጉር የጂን ምርመራ ይቅደም ወይስ ሙከራ?

አናቱ መሳሳት የጀመረ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ጉንጩን ከውስጥ በጥጥ አስጠርጎ ጂኑን ማስመርመር ነው። ሚኖክሲዲል የተባለው የሚቀባ የፀጉር መድኃኒት የሚሠራው ሰልፎትራንስፌሬዝ የሚባል ኢንዛይም ሲቀይረው ነው፤ ኢንዛይሙ ያነሰበት ሰው ቢቀባም ብዙ ለውጥ ላያይ ይችላል። ምርመራው ይህን ለመገመት ይሞክራል። ግምት ነው እንግዲህ፣ ዋስትና አይደለም።

ሌላው መንገድ መድኃኒቱን ገዝቶ መሞከር ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ትዕግሥት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ጭራሽ ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል፤ «አባሰብኝ!» ተብሎ ጠርሙሱ የሚወረወረው ያኔ ነው። አሮጌው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ መሆኑን ማን ይንገረው?

እኔ ብሆን ገንዘቤን ቀድሜ ለቆዳ ሐኪም እከፍላለሁ። የብረት ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር ወይም ተወጥሮ የተሠራ ሹሩባ ያመጣውን መሳሳት የጂን ምርመራው አያየውም።