ከፍለን የቀጠርነው የኮሌጅ አማካሪ፦ ኤሴይ ላይ ጎበዝ፣ ቀን ላይ ችኩል

አምና ታናሽ ወንድሜ እዚህ አሜሪካ ለኮሌጅ ሲያመለክት በኦንላይን የሚሠራ አማካሪ ቀጥረንለት ነበር። ስሙን አልጠራም። ኤሴይ ላይ ሰውየው ጎበዝ ነው። ወንድሜ ስለ እግር ኳስ የጻፈውን አስጥሎ፣ ለአያታችን የመድኃኒት ወረቀት እያነበበ ስለሚተረጉምባቸው ምሽቶች አስጻፈው፤ ሳነበው ዕንባዬ መጣ።

ችግሩ ቀን ምርጫው ላይ ነው። ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ «ኧርሊ ዲሲዥን ካላስገባ ዕድሉን ጣለ» የሚል ዘፈን ብቻ። (ኧርሊ ዲሲዥን ማለት ቀደም ብሎ ለአንድ ኮሌጅ ማመልከት ነው፤ ከተቀበሉህ መግባትህ ግዴታ ነው።) እርግጥ ብዙ ኮሌጆች በኧርሊ ዲሲዥን ከሚያመለክቱት ውስጥ የሚቀበሉት መቶኛ ከሬጉላሩ፣ ማለትም ከመደበኛው ዙር፣ ከፍ ይላል። ግን እዚያ ቁጥር ውስጥ መቶኛውን ከፍ የሚያደርጉ በስፖርት የተመለመሉ ልጆችም አሉበት፤ ይህን አንዴም አላነሳም።

የማስገቢያው ቀን ኖቬምበር 1 አራት ቀን ሲቀረው ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቦታ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) ላይ የኧርሊ ዲሲዥን የስምምነት ገጹ መጣ። ተማሪው፣ ወላጅና የትምህርት ቤቱ ካውንስለር የሚፈርሙበት ነው። እማዬ መነጽሯን አድርጋ «ምን ብዬ ነው የምፈርመው?» አለች። ከተቀበሉት ሌላውን ሁሉ ትቶ እዚያ ይገባል ማለት ነው አልኳት። «ስንት እንደምንከፍል ሳናውቅ?»

አማካሪው ጋ ደወልን። «እሱ በኋላ ይታያል» አለ። እርግጥ ኮሌጁ የሚሰጠው የገንዘብ ዕርዳታ ካልበቃ ከስምምነቱ መውጣት ይቻላል፤ ግን ያኔ የምታወዳድሩበት የሌላ ኮሌጅ የዕርዳታ ደብዳቤ እጃችሁ ላይ የለም፣ መልሱ የሚመጣው ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ስለሆነና የብዙው ሬጉላር ቀን ጃንዋሪ መጀመሪያ ስለሆነ ደግሞ ሌላውን ለማስገባት የሚቀራችሁ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው።

ያን ማታ የኮሌጁን ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር (ከዕርዳታ በኋላ ቤተሰቡ በግምት ስንት እንደሚከፍል የሚያሰላ) ከፈትን። ነፃ ነው፤ የፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ኮሌጆች ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያስቀምጡት ሕግ ያስገድዳቸዋል። የእማዬን የታክስ ወረቀት ይዘን ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። የወጣው ቁጥር ከአቅማችን በላይ ነበር። ለዚህ ነው የተናደድኩት፤ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ሊያሠራን ይገባ ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ ሁለት ቦታ በኧርሊ አክሽን አስገባ፤ ይህም ቀደም ብሎ ማመልከት ነው፣ ግን ቢቀበሉትም የመግባት ግዴታ የለበትም። የቀረውን በሬጉላር። (ኧርሊ አክሽን ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሌላ ቦታ ማመልከት አይከለክልም፣ ዬልና ስታንፎርድ ግን ሌላ የግል ኮሌጅ በኧርሊ እንዳታስገቡ ይገድባሉ።) አንዱ ዲፈር አድርጎት (ውሳኔውን ወደ መደበኛው ዙር አስተላልፎበት) ቤቱ ለሳምንት ተኮራረፈ። ማርች መጨረሻ ላይ ግን ሦስት የዕርዳታ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ የአንዱን ለሌላው ልከን «ጨምሩልን» አልን። ጨመሩ። መልስ የምንሰጠው እስከ ሜይ 1 ስለነበር ማንም አላዋከበንም።

ካልኩሌተሩ የሚያሳየውን መክፈል የምትችሉ፣ ልጁም አንድ ኮሌጅ ላይ ልቡ የቆረጠ ከሆነ ኧርሊ ዲሲዥን ጥሩ ነው። እኛ እንደዚያ አልነበርንም፤ አማካሪውም አልጠየቀንም።

ከአምስት ሦስት ኮከብ። እህቴ በሚቀጥለው ዓመት ታመለክታለች፤ ለኤሴዩ ብቻ፣ በሰዓት ሒሳብ ከተስማማ፣ እንደውልለታለን።