አዳማ ላይ የሴፍቲ ዕቃ የገዛንበት ሱቅ፦ ጓንቱ ጥሩ፣ የጫማ ቁጥሩ ግን ይጎድላል

ይህን የምጽፈው አዳማና አካባቢዋ በመስክ ሥራ ላይ ላላችሁ፣ በተለይ በሠራተኛ ማህበር የሴፍቲ ተወካይ ለሆናችሁ ነው። የምሠራው በኮንትራት የመብራት መስመር በሚዘረጋ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። አምና የተገዛልን ጫማ ሦስት ወር ሳይሞላው ሶሉ ተላቀቀ። አንዱ ጓደኛችን ሚስማር ረግጦ እግሩ ውስጥ ገባ፤ ሃያ ቀን ቤቱ ተኛ። ከዚያ በኋላ ማህበራችን ተከራክሮ፣ የመከላከያ ዕቃ ሲገዛ የሠራተኛ ተወካይ ከግዢ ክፍል ጋር አብሮ እንዲሄድ በህብረት ስምምነቱ ላይ አስገባ። ዘንድሮ እኔ ሄድኩ።

ሱቁ ጠባብ ነው፣ ዕቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሻጯ ግን ሥራዋን ታውቃለች። ሄልሜቱን ገልብጣ ከውስጥ የታተመችውን ክብ ምልክት አሳየችን። «ወንድሜ፣ መሃሉ ላይ ያለው የተመረተበት ዓመት ነው፣ ቀስቱ ደግሞ ወሩን ነው የሚያሳየው» አለችኝ። ሁለቱ የቆዩ ነበሩ፤ ሳንጨቃጨቅ አንስታ ለየቻቸው። የአዳማ ፀሐይ ፕላስቲክ እንዴት እንደሚያደርቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ቀላል ነገር አይለውም።

ጫማው ላይ ኤስ3 (S3) የሚለውን የሴፍቲ ጫማ ደረጃ ምልክት ፈልጉ። ጣት ላይ ያለው ሽፋን 200 ጁል ይችላል፤ ሃያ ኪሎ ዕቃ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ግን እኛን ያሳሰበን ሶሉ ነበር፤ ኤስ3 ሶሉ ውስጥ ሚስማር የማያሳልፍ ንጣፍ አለው። አምና የተገዛው ብረቱ ጣቱ ላይ ብቻ ነበር። ለካ ያ ልጅ የተጎዳው በዚህ ነው።

ጓንት ላይ ብዙ ቆየን። ገዢያችን ወፍራም ስለሆነ ብቻ አንዱን ሊያነሳ ሲል ሻጯ አስቆመችው። የኤሌክትሪክ ጎማ ጓንት በክፍል ነው የሚለየው፤ ክፍል 0 የሚባለው እስከ 1,000 ቮልት ነው፣ ክፍል 2 ደግሞ እስከ 17,000። እኛ አንዳንዴ ከ15,000 ቮልት መስመር ጎን ነው የምንሠራው። በዚያ ላይ የጓንቱን አፍ ጠቅልላ አየር አስገብታ፣ ጫን አድርጋ ወደ ጆሮዬ አስጠጋችው። ስስ ቀዳዳ ካለ ሲተነፍስ ይሰማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛም በየጠዋቱ ከመልበሳችን በፊት እንዲህ እየሞከርን ነው፤ የተቀደደ ካገኘን ለፎርማኑ ወዲያው እንነግራለን።

እዚያው ሳለን አንድ ወጣት ከሌላ ሳይት መጥቶ ከገዛ ኪሱ ጫማ ሊገዛ ዋጋ ይጠይቃል። ልቤን ነው የነካኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ፣ አዋጅ 1156/2011፣ አንቀጽ 92 የመከላከያ ዕቃ ማቅረብም፣ አጠቃቀሙን ማስተማርም የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። የኛ ድርሻ አንቀጽ 93 ላይ አለ፦ የተሰጠንን በአግባቡ መጠቀም፣ ጉድለትና አደጋ ስናይ ወዲያው ማሳወቅ። ስለዚህ ሄልሜት ሞቀኝ ብሎ ምሰሶ ሥር ጥሎ የሚወጣ የማህበር አባልም ጥፋተኛ ነው፤ ይህን ለጓደኞቼ ፊት ለፊት ነው የምነግራቸው። ልጁን ግን «ወንድሜ፣ ብርህን አስቀምጥ፣ መጀመሪያ ማህበራችሁን አናግር» አልኩት። ማህበር የለንም አለኝ። አሥር ሠራተኛ ካላችሁ ማቋቋም ትችላላችሁ ብዬ ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት።

ቅሬታም አለኝ። ዋጋው መንገድ ዳር ከሚሸጠው በጣም ይበልጣል፤ ገዢያችንም እየተነጫነጨ ነው የከፈለው። ደረሰኝ ለማግኘት አንድ ሰዓት ጠበቅን። ከሁሉ የከፋው ግን ከ39 በታች ጫማ አለመኖሩ ነው። እኛ ጋ ሁለት እህቶች አሉ፣ አንዷ 37 ነው የምታደርገው። ትልቅ ጫማ አድርጎ ጉድጓድ ዳር መቆም ራሱ አደጋ ነው፣ «ካልሲ ደርቢበት» የሚባል ነገር መፍትሔ አይደለም። ሻጯ አስመጣለሁ ብላ ስልክ ቁጥሬን ወሰደች።

ትናንት ደወለች፤ 37 እና 38 ገብቷል። ሰኞ ጠዋት ከገዢው ጋር ሄደን እናመጣለን። እስከዚያ ሁለቱ እህቶቻችን ቁፋሮ ላይ አይመደቡም፤ ፎርማኑም ተስማምቷል።