ለኔንቴንዶ ስዊች እና ለስቲም ዴክ የትኛው ቻርጀር ይሻላል? ኦሪጅናሉና ተተኪዎቹ ሲነጻጸሩ

በእጅ የሚያዙ የጨዋታ ኮንሶሎች ዛሬ በአብዛኛው ቻርጅ የሚደረጉት ስልኮቻችን በሚጠቀሙበት የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ በመሆኑ፣ አብሮ የመጣው ቻርጀር ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ቤት ውስጥ የተገኘውን መሰካት የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰሙት ቅሬታዎች ይመሳሰላሉ፦ አንዱ ጭራሽ አይሞላም፣ ሌላው እየሞላ ነው ቢልም ሲጫወቱበት ባትሪው ይወርዳል፣ ሦስተኛው በእጅ ተይዞ እየሞላ ዶኩ (ኮንሶሉን ከቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኘው ማስቀመጫ) ላይ ሲቀመጥ ግን ቴሌቪዥኑ ምስል አያሳይም። ብዙ ገዢዎች መፍትሔውን ከፍ ያለ ዋት ባለው ቻርጀር ይፈልጋሉ። እኔ ግን ከዋቱ በፊት መነበብ ያለበት በቻርጀሩ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የታተመው የቮልትና የአምፒር ዝርዝር ነው እላለሁ።

ፒዲ በሚባለው የዩኤስቢ ሥርዓት ቻርጀሩ ሊሰጥ የሚችላቸውን የቮልት ደረጃዎች ለመሣሪያው ያሳውቃል፤ መሣሪያውም ከእነዚህ ውስጥ የሚስማማውን መርጦ ይጠይቃል። የሚፈልገው ደረጃ ከሌለ ዝቅ ባለው 5 ቮልት በዝግታ ይሞላል፣ ወይም የተወሰነ ሥራውን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የመጀመሪያው ስዊች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ኦሪጅናል ቻርጀሩ 5 ቮልት በ1.5 አምፒር እና 15 ቮልት በ2.6 አምፒር፣ ማለትም ሁለቱ ሲባዙ እስከ 39 ዋት ይሰጣል። ኮንሶሉ በእጅ ሲያዝ ከዚህ ከግማሽ በታች ይበቃዋል፤ ዶኩ ግን 15 ቮልቱን ከነ2.6 አምፒሩ ካላገኘ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን አያስተላልፍም። ስለዚህ 15 ቮልት በ2 አምፒር ብቻ የሚሰጥ ባለ 30 ዋት ቻርጀር ኮንሶሉን በደንብ እየሞላ ዶኩን ሊያሠራ አይችልም። ሰዎች «ቻርጀሩ ይሠራል፣ የተበላሸው ዶኩ ነው» ብለው አዲስ ዶክ እስከ መግዛት የሚደርሱት ይህን ባለማወቅ ነው። በእጅ ብቻ የሚያዘውና ዶክ የሌለው ስዊች ላይት ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

ስቲም ዴክ 45 ዋት፣ ማለትም 15 ቮልት በ3 አምፒር ይፈልጋል። ከዚያ በታች ሲሰጠው አይደበቅም፤ ቻርጀሩ ዝግተኛ መሆኑን በስክሪኑ ላይ ይነግራል። ከባድ ጨዋታ እየተጫወቱ በትንሽ የስልክ ቻርጀር ላይ ቢተውት ባትሪው መውረዱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የወጣው ስዊች 2 ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ቻርጀሩ እስከ 20 ቮልት በ3 አምፒር፣ በጠቅላላው 60 ዋት የሚሰጥ ሲሆን ዶኩም 20 ቮልቱን ይጠብቃል። የድሮው ስዊች ቻርጀር አዲሱን ኮንሶል በእጅ ሲያዝ ይሞላዋል፣ ለቴሌቪዥን ግን አያገለግልም።

እንግዲህ ገበያ ላይ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ኦሪጅናሉ ከዶክ ጋር ለሚጠቀም ሰው እስካሁን አስተማማኙ ነው፤ ድካሙ የመጀመሪያው ስዊች ቻርጀር ገመድ ከአካሉ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ገመዱ ሲቆረጥ ሙሉው መጣሉ ነው። የስዊች 2 ገመድ ተነቃይ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። አንድ መውጫ ብቻ ያለው ባለ 45 ዋት ፒዲ ቻርጀር ለመጀመሪያው ስዊችም ለስቲም ዴክም ይበቃል፤ በፒዲ ደንብ መሠረት 15 ቮልት በ3 አምፒር መስጠት አለበትና። ባለ 65 ዋቱ 20 ቮልትን ስለሚጨምር ለስዊች 2 ያገለግላል፣ ላፕቶፕም ላለው ሰው ዋጋውን ያወጣል። «ዋቱ በዝቶ ኮንሶሉን ያቃጥለዋል» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ደንቡን አክብሮ በተሠራ ቻርጀር የሚፈለገውን መጠን የሚወስነው መሣሪያው ነው።

ብዙ መውጫ ያላቸው ቻርጀሮች ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። በሣጥኑ ላይ 65 ዋት ተብሎ የተጻፈው አንድ ዕቃ ብቻ ሲሰካ ነው፤ ስልክ ሲጨመርበት ኃይሉ ይከፋፈልና ለኮንሶሉ የሚቀረው 45 ወይም 30 ዋት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አዲስ ዕቃ በተሰካ ወይም በተነቀለ ቁጥር ብዙዎቹ የሁሉንም መውጫ ኃይል ለአፍታ አቋርጠው እንደገና ይደራደራሉ፤ በዶክ ላይ ጨዋታ መሃል ሲሆን ይህ ያበሳጫል። ለመኝታ ሰዓት መሙያ ጥሩ ናቸው፣ ለዶክ ግን አልመክራቸውም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው የስልክ ፈጣን ቻርጀር ነው። የኦፖ፣ የዋንፕላስ፣ የቴክኖና የኢንፊኒክስ ፈጣን ቻርጀሮች ብዙዎቹ ሰፊውን የዩኤስቢ-ኤ መውጫ የያዙ ሲሆኑ፣ ትልቁን ዋታቸውን የሚሰጡት በየኩባንያቸው ቋንቋ ለሚያናግራቸው ስልክ ብቻ ነው። ስዊች ወይም ስቲም ዴክ ሲሰካባቸው 5 ቮልት ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ 45 ዋት የተጻፈበት የስልክ ቻርጀርና 45 ዋት የተጻፈበት ፒዲ ቻርጀር ለኮንሶል እኩል አይደሉም።

ገመዱም ይታይ። እስከ 3 አምፒር ድረስ ደህና የሆነ ማንኛውም ከሲ-ወደ-ሲ ገመድ ይበቃል፤ ከኤ-ወደ-ሲ ገመድ ግን ፒዲን ስለማያስተላልፍ ቻርጀሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዋጋ የለውም።

አዲስ ቻርጀር ከመግዛትዎ በፊት ችግሩ የቻርጀሩ መሆኑን ያረጋግጡ። ቻርጀሩን ከግድግዳውም ከኮንሶሉም ነቅለው ግማሽ ደቂቃ ያህል ያቆዩትና በቀጥታ ወደ ኮንሶሉ፣ ያለ ዶክ ይሰኩት። ባትሪው ፈጽሞ ካለቀ ስክሪኑ ለረጅም ጊዜ ጨለማ ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይታገሡ፤ ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ 12 ሰከንድ ያህል ተጭነው ለቀው እንደገና ይጫኑ። በገመዱ ጫፍና በኮንሶሉ መሃል የሚገባ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ማግኘት ከቻሉ ጥያቄው ቶሎ ይፈታል፦ ስዊች በኦሪጅናል ቻርጀር 15 ቮልት ካሳየ ኮንሶሉ ጤነኛ ነው፣ ችግሩም የተተኪው ቻርጀር ነው። በኦሪጅናሉም በሌላ አስተማማኝ ቻርጀርም ከ5 ቮልት የማያልፍ ከሆነ ግን መሰኪያው ወይም ቮልቱን የሚደራደረው ቺፕ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ያኔ ሌላ ቻርጀር መግዛት ገንዘብ ማባከን ስለሆነ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የስዊች ሲስተም ወደ 5.0 ከተሻሻለ በኋላ በሌሎች ኩባንያዎች ዶክ ላይ የተቀመጡ ኮንሶሎች መበላሸታቸው በሰፊው ተዘግቧል፤ በተተኪ ቻርጀር ላይ ደፋር የሆንኩትን ያህል በተተኪ ዶክ ላይ የማልደፍረው ለዚህ ነው።

ከአሜሪካ ለአዲስ አበባ ልጆች ኮንሶል የሚልክ ቤተሰብ በቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይመልከት። ይህ ካለ የአገር ቤቱን 220 ቮልት ይችላል፤ የሚያስፈልገው የአሜሪካን ጠፍጣፋ እግር ወደ ክብ የሚቀይር መሰኪያ እንጂ ትራንስፎርመር አይደለም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚፈጠረው የቮልት መዋዠቅ ግን ጥሩውንም ቻርጀር ስለሚጎዳ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ነቅሎ መጠበቅ ተገቢ ነው።