ሁለቱ የጨው ረግረግ አስተሮች፦ የትኛው የቱ ነው?

በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ፣ የባሕሩ ውሃ እየሞላ በሚሸሽበት ጨዋማ ረግረግ፣ መስከረም አካባቢ ሁለት የዱር አስተሮች (ዴዚ መሰል አበባ ያላቸው ተክሎች) ያብባሉ። ከዋሽንግተን ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ብቅ የምትሉ ሁለቱንም ልታገኙ ትችላላችሁ። አንዱ ሲምፊዮትሪኩም ቴኑይፎሊየም ነው፤ ሌላው ሲምፊዮትሪኩም ሱቡላተም። ስማቸው ምላስ ያስራል፤ መለየቱ ግን ያን ያህል አይከብድም።

መጀመሪያ አበባውን እዩ። የቴኑይፎሊየም አበባ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው። ዳር ዳሩን የከበቡት ነጭ ወይም ፈዛዛ ሐምራዊ ቅጠሎች ረዘም ብለው ስለሚዘረጉ ከሩቅ ይታያል። ሱቡላተም ደግሞ ጥቃቅን አበቦችን በብዛት ያወጣል፤ ስፋታቸው 1 ሳንቲሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። የዳር ቅጠሎቻቸው በጣም አጫጭር ስለሆኑ አበባው ገና ያልፈካ ይመስላል። ሲደርስ የዘሩ ነጭ ፀጉር ይሸፍናቸዋል። እኔ ከሁሉም የማምነው ይህን ምልክት ነው።

አረንጓዴው ቅጠል ላይ ብዙ አትድከሙ፤ የሁለቱም ጠባብ ነው።

ቴኑይፎሊየም ለዓመታት ይኖራል፤ ሱቡላተም ዘሩን ጥሎ በዓመቱ ይሞታል። ይህን ከሥሩ ለማረጋገጥ ብላችሁ ግን አትንቀሉ! ከባሕር ርቃችሁ፣ በበረዶ ወራት ጨው በሚበተንበት አውራ ጎዳና ዳር ካገኛችሁት ሱቡላተምን ጠርጥሩ።