ኮምፒውተር ክፍል ወይስ ስልክ በየቀበሌው?

መንዝ ላሉ እናቶች ኢንተርኔት እናስተምር ሲባል ሁለት ሐሳብ ይነሳል። አንዱ እናቶቹን ከተማ ወዳለ ኮምፒውተር ክፍል ማምጣት፣ ሌላው ስልክ ይዞ እነሱ ጋ መሄድ።

ኮምፒውተሩ ቢሮ ሥራ ለምትፈልግ ልጅ የግድ ነው፣ አይካድም። ግን መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ያበቃል። ደግሞስ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አዝላ ደብረ ብርሃን ድረስ ማን ይመላለሳል? ኪቦርዱም ሌላ ጣጣ ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል እየፈለጉ አማርኛ መጻፍ፣ ገና ማንበብ ለጀመረች ሴት ሁለት ትምህርት በአንዴ ማለት ነው።

ስልክ ላይ ፊደሉ በአማርኛ ይታያል። ማንበብ የማትችለው እንኳ በቴሌግራም ድምፅ ቀድታ ትልካለች። የበግ ፀጉር ፈትላ ባና የምታሠራዋ ፎቶ አንስታ አዲስ አበባ ላለ ገዢ ብትልክ፣ ያለ ደላላ ዋጋ ትነጋገራለች። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የስልክ ገንዘብ መላኪያ ቴሌብር ደግሞ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም *127# ብለው ቢደውሉ ይሠራል። የምስጢር ቁጥሩን ለሱቅ ልጅ የምትነግር አትጠፋምና፣ እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ለዚህ እሰጠው ነበር።

ስልኩ የባል ከሆነስ? እሱ ነው ከባዱ። ለዚህ ነው እኔ ለኮምፒውተር ክፍል የታሰበው ብር ለሴቶቹ ስልክ መግዣ ይዋል የምለው።